የጎጃም ደጋ ትምህርትና አዲሱ የኳንተም ጥበብ



ዛሬ ላነሣው ያሰብሁት ነገር ስሙ ለብዙዎቻችን ጆሮ እንግዳ ነው። ይኸውም «ኳንተም» የሚባለው የተፈጥሮ ምርምርና ከእርሱ የተወለደው አዲስ ጥበብ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. 2025ን ዓለም አቀፍ የኳንተም ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዓመት ብሎ ስለ ሰየመው ወሬው በዓለም ሁሉ ተሰምቷል። ከእናንተም መካከል «ይህ የታላላቆቹ መንግሥታት ጉዳይ ነው፤ ለደብረ ማርቆስና ለቢቸና፣ ለሞጣና ለዳንግላ ሰው ምኑ ነው?» የሚል አይታጣም። ጥያቄው ተገቢ ነውና በሚገባ ልንመልሰው ያስፈልጋል።

አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ላስታውቅ። በጎጃም ምድር የኳንተም ኮምፒዩተር አልተሠራም። የቀድሞ ሊቃውንቶቻችንም የአቶምን ጠባይ መርምረው አላገኙም። ያልተደረገውን ተደረገ ብሎ አገርን ማወደስ አገርን መውደድ አይደለም፤ ልጆቿን ማስተኛት ነው እንጂ። እኔ ልናገረው የምፈልገው ሌላ ነው። ይህ አዲስ ጥበብ ከሚፈልጋቸው ልማዶች ሦስቱን እንመልከት፤ ጊዜን አጥርቶ መክፈል፣ ትራፊን ይዞ ዐውድን መፈለግ፣ በአንድ ነገር ውስጥ ሁለት ምሥጢር አቻችሎ መያዝ። በእነዚህ በሦስቱ የጎጃም ደጋ ጉባኤ ቤቶች ብዙ ዘመን ሲደክሙ ኖረዋል። ይህ ውርስ ከአዲሱ ዕውቀት ጋር የተገናኘ እንደ ሆነ አገሩ ለዓለም የሚሰጠው ነገር ይኖረዋል፤ ያልተገናኘ እንደ ሆነ ግን ሌላው የሠራውን ገዝቶ ከመገልገል አያልፍም።

በመጀመሪያ ኳንተም ማለት ምን እንደ ሆነ በአጭሩ እንመልከት። ታኅሣሥ 5 ቀን 1893 ዓ.ም.፣ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ታኅሣሥ 14 ቀን 1900፣ ማክስ ፕላንክ የተባለ ጀርመናዊ ሊቅ በበርሊን ከተማ በፊዚክስ ማኅበር ፊት ቆሞ አንድ አዲስ አሳብ አቀረበ። የጋለ አካል ሙቀቱንና ብርሃኑን የሚያወጣው ሳይቋረጥ እንደሚፈስ ውኃ ሳይሆን በቅንጣት በቅንጣት ከፍሎ ነው የሚል ነበር። የጎጃም ሰው ይህን ለመረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። ጤፍ ከቁና ወደ ስልቻ ሲገለበጥ ከሩቅ ለሚያየው እንደ ውኃ ይፈሳል፤ ቀርቦ ላየው ግን ቅንጣት ነው። ተፈጥሮም እንዲሁ ቀርበው ሲያዩዋት የቅንጣት ክምችት ሆና ተገኘች። «ኳንተም» የሚለውም ቃል በላቲን ቋንቋ «ምን ያህል» እንደ ማለት ነው።

ደብረ ማርቆስን መናገሻቸው ያደረጉት የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ያረፉት በዚያው በ1893 ዓ.ም. ነበር። ይህን የማነሣው ጥበቡ የቱን ያህል የቅርብ ጊዜ እንደ ሆነ ለማሳየት ነው። አልበርት አይንስታይን እ.ኤ.አ. በ1905 ብርሃንም ራሱ ቅንጣት እንዳለው ተናገረ። ከዚያም ቨርነር ሃይዘንበርግ በ1925፣ ኤርቪን ሽሮዲንገር በ1926 የዚህን ትምህርት ሕግ በስሌት አቆሙት። እንግዲህ ሁሉም የተደረገው በአባቶቻችንና በአያቶቻችን ዕድሜ ነው። በዚህ መንገድ ከሌላው ዓለም የዘገየነው በሺህ ዓመት አይደለም፤ የአንድ መቶ ዓመት ጥቂት ፈቀቅ ያለ ዘመን ነው።

አሁን ወደ መጀመሪያው ልማድ፣ ጊዜን ወደ መክፈል እንለፍ። በጎጃም አድባራትና ገዳማት ሰዓት የሚባለው መሣሪያ ሳይገባ ሊቃውንቱ በፀሐይ ቆመው ጥላቸውን በጫማቸው እየሰፈሩ የቀኑን ሰዓት ያውቁ ነበር። ከዚህም በላይ ባሕረ ሐሳብ የሚባለው የዘመን ቈጠራ ትምህርት አለ። ትምህርቱ የጎጃም ብቻ ሳይሆን የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ሁሉ ሀብት ሲሆን፣ ድርሰቱን ለእስክንድርያው ሊቀ ጳጳስ ለድሜጥሮስ ይሰጡታል። ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌም በዚሁ ስም ሰፊ መጽሐፍ አሳትመውበታል።

በባሕረ ሐሳብ አንድ ዕለት በ60 ኬክሮስ ይከፈላል። አንዱ ኬክሮስ ደግሞ በ60 ካልዒት፣ ካልዒት በ60 ሣልሲት፣ ሣልሲት በ60 ራብዒት፣ ራብዒት በ60 ኃምሲት፣ ኃምሲት በ60 ሳድሲት ይከፈላል። እስኪ ይህን በዛሬው አቈጣጠር እንመዝነው። ኬክሮስ 24 ደቂቃ ነው። ካልዒት 24 ሴኮንድ ነው። ሣልሲት የሴኮንድ አሥረኛ እጅ አራቱ ነው። ራብዒት አንዱ ሴኮንድ ለ150 ሲከፈል የሚገኘው ነው፤ ኃምሲት ለ9000 ሲከፈል ነው። ሳድሲት ግን አንዱ ሴኮንድ ለ540,000 ሲከፈል የሚደርሰው ክፍል ነው። አንባቢ ሆይ፤ ዓይን ጨፍኖ እስኪገለጥ ድረስ ከሃምሳ ሺህ የሚበልጥ ሳድሲት ያልፋል።

እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብን። የኔታ ሳድሲትን ሰየሟት እንጂ አልለኳትም። የሚለኩበትም መሣሪያ አልነበራቸውም። ጊዜን በአሳብ መክፈልና ጊዜን በእጅ መስፈር የተለያየ ሥራ ነው። ነገር ግን ጥላውን በጫማ እየሰፈረ የሚኖር ሰው የሴኮንድን አምስት መቶ አርባ ሺህኛ ክፍል ስም አውጥቶ ለደቀ መዝሙሩ ማስተማሩ፣ አእምሮው እጁ ከሚደርስበት እጅግ አልፎ መሄዱን ያሳያል። የጎደለው መሣሪያው ነበር።

ያ መሣሪያ በሌላ አገር ተሠራ። እ.ኤ.አ. በ1955 ሉዊስ ኤሰንና ጃክ ፓሪ የተባሉ ሰዎች በእንግሊዝ አገር ሲዚየም በሚባል ማዕድን አቶም የሚመራ ሰዓት ሠሩ። ይህም ከኳንተም ትምህርት የተገኘ ጥበብ ነው፤ የአቶም ጠባይ በአገርና በወቅት አይለወጥምና። በ1967 የዓለም የመለኪያ ጉባኤ ሴኮንድ ማለት የሲዚየም ሞገድ 9,192,631,770 ጊዜ የሚመላለስበት ጊዜ ነው ብሎ ወሰነ። እንግዲህ ይህን ቍጥር ለ540,000 ብናካፍለው በአንዲት ሳድሲት ውስጥ የሲዚየም ሞገድ ከ17,000 ጊዜ በላይ ይመላለሳል። የጎጃም መምህራን በስም ብቻ ያውቋት የነበረችው ሳድሲት ዛሬ ተሰፍራ፣ እርሷም ራሷ ለአሥራ ሰባት ሺህ ተከፍላ ትታያለች ማለት ነው።

ይህ ነገር ለመጽሐፍ ብቻ አይደለም። በእጃችን ያለው ስልክ መንገድ የሚያሳየን፣ መሬት የሚለካው ባለሙያም የይዞታን ድንበር የሚያስቀምጠው፣ በሰማይ በሚዞሩ ሳተላይቶች ላይ የተጫኑ የአቶም ሰዓቶች በሚልኩት ምልክት ነው። ብርሃን በአንዲት ሳድሲት 555 ሜትር ያህል ይጓዛል። ስለዚህ የሳተላይቱ ሰዓት በአንዲት ሳድሲት ቢሳሳት የሚሰጠን ርቀት ከግማሽ ኪሎ ሜትር በላይ ይስታል። በእንዲህ ያለ መሣሪያ ድንበር ቢለካ የአንዱ ገበሬ ማሳ ወደ ሌላው ቀበሌ በተሻገረ ነበር። እያንዳንዱ የመሬት ጽሕፈት ቤት ሠራተኛ፣ ያውቀውም አያውቀውም፣ የኳንተም ጥበብ ተገልጋይ ነው።

ነገር ግን ምልክቱ ከሳተላይት ተነሥቶ ወደ ጎጃም ደጋ ሲወርድ በመንገዱ መሰናክል ያጋጥመዋል። ከምድር በላይ ከመቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ አየሩ በፀሐይ ኃይል ተሰባብሮ ኤሌክትሪክ የተሸከመ ሆኗል፤ ይህንንም አዮኖስፌር ይሉታል። ምልክቱ በዚያ ሲያልፍ ይዘገያል፤ አንዳንድ ጊዜም ፀሐይ ከገባች በኋላ እንደ ኮከብ ይብለጨለጫል፤ ይቋረጣልም። ችግሩ የሚበረታው በመሬት መግነጢስ ወገብ አካባቢ ነው። ይህ ወገብ በኢትዮጵያ ላይ ያልፋል፤ የጎጃም ደጋም ከእርሱ ብዙ አይርቅም። በሌላው አገር ተሠርቶ የተላከው ሰዓት የቱንም ያህል ቢጠራ፣ የእኛን ሰማይ ጠባይ የሚያውቅ ሰው ከሌለ የሚሰጠን ቍጥር አይታመንም።

ይህን ሰማይ መመርመር በአገራችን የተጀመረው ቀደም ብሎ ነው። እ.ኤ.አ. በ1957 እና በ1958 የዓለም ሊቃውንት ስለ ምድር ጠባይ በኅብረት ባጠኑበት ጊዜ፣ በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ ተቋቋመ። ቦታው የተመረጠው ለመግነጢስ ወገብ ቅርብ በመሆኑ ነበር። ሥራውንም የመሩት ፒየር ጉዋን የተባሉ ካናዳዊ መምህር ናቸው። እነሆ ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ዓለም ከኢትዮጵያ የሚፈልገው አንድ ዕውቀት እንዳለ ታወቀ።

በጎጃምም በኩል፣ በዚያን ጊዜ በጎጃም ጠቅላይ ግዛት ውስጥ በነበረችው በባሕር ዳር፣ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት እርዳታ የፖሊቴክኒክ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ይህ ትምህርት ቤት ከመምህራን ኮሌጁ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። በዚያም ዩኒቨርሲቲ ስለ ሕዋና ስለ ራዳር የሚመረምር ቤተ ሙከራ ተቋቋመ። ዶክተር ባይሌ ዳምጤ በፊንላንድ አገር በኡሉ ዩኒቨርሲቲ አዮኖስፌርን በራዳር ስለ መለካት ተምረው እ.ኤ.አ. በ2004 ትምህርታቸውን ከፈጸሙ በኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በዚህ ሥራ ተሰማሩ፤ ዩኒቨርሲቲውንም ለብዙ ዓመታት በፕሬዚዳንትነት መሩ። በባሕር ዳር ሰማይ ላይ የሳተላይት ምልክት እንዴት እንደሚዘገይና እንደሚብለጨለጭ የሚናገሩ ጥናቶችም ታትመው ለዓለም ሊቃውንት ቀርበዋል። ክፍለ ሀገሩ ለዚህ ጥበብ የሰጠው እውነተኛ ድርሻ ይህ ነው።

የቤተ ሙከራው ስም ግን ልዩ ትኩረት የሚገባው ነው። ስሙ ዋሸራ ነው። ዋሸራ ማን እንደ ሆነች ለጎጃም ልጅ መንገር አያስፈልግም፤ ከጎንጅና ከዋድላ ጋር ስሟ የሚጠራ የቅኔ ቤት ናት። የራዳር ቤተ ሙከራ በቅኔ ቤት ስም መጠራቱ፣ ዛሬ በብዙ ቃል የምናገረውን በአንድ ቃል ተናግሮታል።

ከዚህ ተነሥተን ወደ ሁለተኛው ልማድ፣ ወደ ቅኔው እንሂድ። ቅኔ ሰምና ወርቅ አለው። የጎጃም ሰው «ዕድሜዬን ሁሉ ከአባይ ጋር ኖርሁ» ቢል፣ ሰሚው ወንዙን ማለቱ ይሁን ወይም ዋሾ ጎረቤቱን ማለቱ ይሁን ወዲያው አይለይም። ሁለቱ ትርጓሜዎች በአንድ ቃል ውስጥ አብረው ይኖራሉ። ደበሎ ለብሶ፣ አኩፋዳ አንግቶ፣ ከጎንጅ ወደ ዋሸራ የሚዞረው ተማሪ ከቈጠራ እስከ ዘረፋ የሚለማመደው ይህንኑ ነው፤ አንዱን ምሥጢር ሳይጥል ሌላውን መያዝ።

በተለመደው ኮምፒዩተር ውስጥ ያለው ትንሹ የዕውቀት ክፍል ወይ 0 ወይ 1 ነው፤ ከሁለቱ አንዱን መሆን ግዴታው ነው። የኳንተም ኮምፒዩተር ትንሹ ክፍል ግን ኪዩቢት ይባላል፤ ሳይለካ በቆየበት ጊዜ 0ንና 1ን በአንድነት አቻችሎ ይይዛል። ኪዩቢቶቹ አሥር ቢሆኑ 1,024 ሁኔታዎችን፣ ሃያ ቢሆኑ 1,048,576 ሁኔታዎችን በአንድነት ያዝላሉ። ይሁን እንጂ ምሳሌ ሁሉ ይጎድላልና ልዩነቱንም መናገር ይገባል። ቅኔ ሲፈታ ሰሙም ወርቁም ተለይተው ለሰሚው ይቀራሉ። ኪዩቢት ሲለካ ግን አንዱ ብቻ ይቀርና ሌላው ይጠፋል። ስለዚህ የዚህ ጥበብ ጭንቅ ሁሉ ምሥጢሩ ሳይፈታ ሥራው እንዲፈጸም ማድረግ ነው። መጠነኛ ሙቀት እንኳ ያለ ጊዜው ይፈታዋል፤ ከዚህም የተነሣ ብዙዎቹ ማሽኖች ከሕዋ ብርድ በሚብስ ቅዝቃዜ ውስጥ ይቀመጣሉ።

ሦስተኛው ልማድ ትራፊን ይዞ ዐውድን መፈለግ ነው። የ2018 ዓ.ም. ፋሲካ መቼ እንደ ዋለ ሊቃውንቱ እንዴት እንዳወጡት ልብ በሉ። 5500 ላይ 2018 ተደምሮ 7518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። ይህ ለ19 ሲካፈል 13 ይተርፋል፤ ከትራፊው አንድ ተቀንሶ 12 ወንበር ይባላል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 12 ይቀራል፤ ይህ አበቅቴ ነው። በ19 ተባዝቶ በ30 ሲገደፍ 18 ይቀራል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። መስከረም 18 ቀን እሑድ ስለ ዋለና የእሑድ ተውሳክ 7 ስለ ሆነ፣ 18ና 7 ተደምረው መባጃ ሐመሩ 25 ይሆናል። ከዚህም የተነሣ ጾመ ነነዌ ጥር 25 ቀን ገባ። ከዚያ 69 ቀን ተቈጥሮ ፋሲካ ሚያዝያ 4 ቀን ዋለ። ይህን ሁሉ ወረቀት ሳይነካ በጣቱ አንጓ የሚያወጣ ተማሪ ዛሬም አለ።

በዚህ ስሌት ውስጥ ዋናው ድርሻ የሚፈለገው ሳይሆን የሚተርፈው ነው። ትራፊውም እየተመላለሰ ዐውድ ይሠራል። የአበቅቴ ዐውድ 19 ዓመት ነው፤ የፀሐይ ዐውድ 28 ዓመት ነው፤ ሁለቱ ተባዝተው በ532 ዓመት ዐቢይ ቀመር ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

አሁን ይህን አሳብ ይዘን እ.ኤ.አ. ወደ 1994 እንሻገር። በዚያ ዓመት ፒተር ሾር የተባለ አሜሪካዊ የቍጥር ሊቅ፣ የኳንተም ኮምፒዩተር ቢገኝ ትልልቅ ቍጥሮችን ወደ አባዦቻቸው መፍታት እንደሚችል አስረዳ። መንገዱም የትራፊን ዐውድ መፈለግ ነው። በትንሽ ቍጥር ላሳያችሁ። 15ን መፍታት ብንፈልግ 2ን በራሱ እያባዛን በ15 እንገድፈዋለን። የምናገኘውም ትራፊ 2፣ 4፣ 8፣ 1 ነው፤ ቀጥሎም እንደ ገና 2፣ 4፣ 8፣ 1 ይመጣል። ዐውዱ 4 ነው። የዐውዱን እኩሌታ፣ ማለት 2ን ይዘን፣ 2ን ሁለት ጊዜ ብናባዛው 4 እናገኛለን። ከ4 አንድ ቢቀነስ 3፣ አንድ ቢጨመር 5 ይሆናል። 3 በ5 ሲባዛ 15 ነው፤ ቍጥሩ ተፈታ። እ.ኤ.አ. በ2001 በአሜሪካ የአይ.ቢ.ኤም. ኩባንያ ተመራማሪዎች ይህንኑ 15ን በሰባት ኪዩቢት ፈትተው አሳዩ።

ባሕረ ሐሳብን የሚያውቅ የጎጃም ደብተራ ይህን ቢሰማ በቋንቋው እንግዳ ሊሆንበት ይችላል፤ በአካሄዱ ግን አይደለም። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ደብተራው ዐውዱን አስቀድሞ ስለሚያውቀው በእርሱ ይጠቀማል፤ ሾር ግን የማይታወቀውን ዐውድ በኪዩቢት ኃይል ይፈልገዋል። በመቶ የሚቈጠሩ አኃዞች ያሉት ቍጥር ሲሆን ዐውዱን መፈለግ ለተለመደው ኮምፒዩተር ዕድሜ የማይበቃበት ሥራ ነው።

ይህ ነገር ለናንተ ለመንግሥት ሠራተኞች ምን ያገባችኋል? እጅግ ያገባችኋል። ቀድሞ የመዝገብ ቤት ምሥጢር የሚጠበቀው በቁልፍና በማኅተም ነበር። ዛሬ ደመወዛችሁ በባንክ ሲገባ፣ ደብዳቤ በኤሌክትሪክ ሲላክ፣ ምሥጢሩ የሚጠበቀው በአብዛኛው ትልቅ ቍጥርን መፍታት አስቸጋሪ በመሆኑ ላይ በተመሠረተ መቈለፊያና እርሱን በመሳሰሉት ነው። በቂ ኃይል ያለው የኳንተም ኮምፒዩተር በተሠራ ቀን ይህ መቈለፊያ ይከፈታል። ዛሬ የተሰረቀ የተቈለፈ ሰነድም ያን ቀን ይነበባል። ስለዚህ የአሜሪካ የመለኪያ መሥሪያ ቤት ነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ሦስት አዳዲስ የመቈለፊያ ደንቦችን አውጥቷል። እንዲህ ያለውን ደንብ አንብቦ የሚመዝን፣ ለመሥሪያ ቤታችንም የሚበጀውን የሚመርጥ የራሳችን ሰው ያስፈልገናል። ቁልፉን ሌላ ሰው ሠርቶለት፣ ሌላ ሰው ሲቀይርለት የሚኖር ባለ ቤት የቤቱ ጌታ ነኝ ማለት ያስቸግረዋል።

ኢትዮጵያውያን ይህን ትምህርት ይችሉት እንደ ሆነ መጠራጠር አይገባም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ፍሥሐ ካሣሁን የብርሃንን የኳንተም ጠባይ ሲያስተምሩና ሲመራመሩ ኖረዋል፤ በዚሁ ርእስ መጽሐፍም ጽፈዋል። እ.ኤ.አ. በ2006 ከእርሳቸው ጋር ስለ ሌዘር ብርሃን ጥናት ያሳተመው ኢዮብ አለባቸው ከዚያ በኋላ በአሜሪካ ሪጌቲ በሚባለው ኩባንያ የኳንተም ኮምፒዩተር ክፍሎችን ከሚሠሩት ሊቃውንት አንዱ ሆኗል፤ በ2021ም ኪዩቢቶችን እርስ በርስ ስለሚያያይዝ መሣሪያ ከባልደረቦቹ ጋር ጽፏል። እንግዲህ ከአራት ኪሎ ሰሌዳና ጠመኔ ተነሥቶ እስከዚያ መድረስ የተቻለ ነገር ነው። ያልተቻለው መሣሪያውን ወደ አገር ማምጣት ነው።

ምናልባት «የሚበላ ሳይኖር ይህ ቅንጦት አይደለምን?» የሚል ይኖር ይሆናል። የዚህን ሰው ቃል አልንቅም፤ ረኃብን የሚያውቅ አይቀልድበትምና። ነገር ግን የጎጃም ደጋ ተማሪ ቅኔ የተማረው ጠግቦ አይደለም። ቁራሽ እየለመነ፣ ውሻ እየተከላከለ፣ ከአንዱ መምህር ወደ ሌላው በእግሩ እየዞረ ነው። ዕውቀት ከጥጋብ በኋላ የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ዋሸራም ጎንጅም ባልተመሠረቱ ነበር። ከዚህም ሌላ እኔ የምለው በሚሊዮን የሚገዛ ማሽን ዛሬ ይምጣ አይደለም። ስሌቱ ሰሌዳና ጠመኔ፣ መጽሐፍና ትጉህ መምህር ይበቃዋል፤ በሩቅ አገር ያሉትንም ማሽኖች በኢንተርኔት መንገድ የሚሞክሩበት ዘዴ ተከፍቷል።

የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው። ባሕረ ሐሳብን በቃላቸው የያዙ አረጋውያን መምህራን አንድ በአንድ እያረፉ ነው። የአብነት ትምህርት ብቻውን የዩኒቨርሲቲ በር አይከፍትምና በጣቱ አንጓ ዐውድ የሚቈጥረው ልጅ ዲግሪ ወደሚሰጥበት አዳራሽ አይገባም። በ1999 ዓ.ም. ማስተማር የጀመረው የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ተማሪም ከግቢው ብዙ ሳይርቅ ትራፊን የሚያስተምሩ ሊቅ እንዳሉ ሳያውቅ ሊመረቅ ይችላል። ሁለቱ በአንድ አገር እየኖሩ አይተዋወቁም። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ጦርነት በብዙ ወረዳዎች ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ሕፃናት ከገበታቸው ርቀው መክረማቸው ነው። የኳንተም ዘመን ሕፃኑ እስኪመለስ ቆሞ አይጠብቅም። አንድ ልጅ በአሥር ዓመቱ ያልተማረውን ክፍልፋይ በሃያ ዓመቱ ማስተማር እንዴት እንደሚከብድ አስተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቃል።

ስለዚህ ጽሑፌን የምፈጽመው ለእናንተ በየጽሕፈት ቤቱ ለተቀመጣችሁት በማሳሰብ ነው። የትምህርት በጀት የሚያዘጋጅ ሰው፣ የቍጥር ትምህርት መምህር ለሌለው ትምህርት ቤት ቅድሚያ ይስጥ። የዕቃ ማስገቢያ ፈቃድ የሚፈርም ሰው፣ ለቤተ ሙከራ የመጣው መሣሪያ በመጋዘን ውስጥ ዝገት እስኪበላው አያቆየው፤ አንድ ፊርማ ሲዘገይ አንድ ሙሉ ምርምር ይዘገያልና። በባህልና በቅርስ መሥሪያ ቤት ያለ ሰው፣ የአረጋውያኑን ስሌት በድምፅና በጽሑፍ ያስቀር። በዩኒቨርሲቲ ያለም መምህር፣ ተማሪዎቹን ይዞ አንድ ቀን ወደ ጉባኤ ቤት ይሂድ፤ የጉባኤ ቤቱንም ተማሪ ወደ ቤተ ሙከራው ይጋብዝ። ይህ ሁሉ የዓለምን ሀብት አይጠይቅም።

የጎጃም ደጋ ሊቃውንት መሣሪያ ሳይኖራቸው ሳድሲትን ሰየሙ። መሣሪያው ያላቸው ደግሞ ሳድሲትን ለአሥራ ሰባት ሺህ ከፈሏት። ሰያሚውና ከፋዩ አንድ ሰው የሚሆኑበት ቀን እንዲመጣ፣ በዛሬይቱ ቀን በደብረ ማርቆስና በአካባቢዋ ያለ አንድ ሕፃን ትምህርት ቤቱ ተከፍቶለት ጠመኔ ሊጨብጥ ይገባል። ይህንንም መፈጸም የሊቃውንቱ ብቻ ሳይሆን የእያንዳንዳችን ግዴታ ነው።